የግጥሜ ፊደል እኩል ነው፤ ዜማው ግን ለምን ይሰበራል?

ጀማሪ ገጣሚት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

ግጥም መጻፍ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ጽፌ ለሰው ማንበብ የደፈርሁት ግን በቅርቡ ነው። ያነበብሁላቸው ሁሉ የሚሰጡኝ አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፤ «ሐሳቡ ደግ ነው፣ ዜማው ግን ይሰበራል» ይሉኛል። የቱ ጋ እንደሚሰበር ስጠይቃቸው ግን ጣቱን አኑሮ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። እኔ ስጽፍ የየስንኙን ፊደል እየቆጠርሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አራት ስንኞች እያንዳንዳቸው 14 ፊደል አላቸው፤ በነጠላ ሰረዙ ሲከፈሉም ግራና ቀኙ 7 ለ7 ነው።

እናቴ ስትመጣ፣ ከገበያ ደክማ፤
ጀበናዋ ተጣደ፣ ዜናዋም ተሰማ፤
ጎረቤት ተጠራ፣ ወሬ ደራ በቤት፤
አባቴ ዝም አለ፣ እየነጋ ሌሊት።

ቁጥሩ እንዲህ ተስተካክሎ ሳለ ምኑ ነው የሚሰበረው? ደግሞስ «በቤት» እና «ሌሊት» ሁለቱም በ«ት» እስከ ጨረሱ ድረስ ቤት መቱ ማለት አይደለም ወይ? አንድ ወዳጄ ደግሞ ሰምና ወርቅ የሌለው ግጥም ግጥም አይባልም ብሎ ተስፋ አስቆርጦኛል። የግጥምን መሠረታዊ ነገሮች ከሥር ከመሠረቱ ማወቅ ስለምፈልግ፣ በነዚሁ ስንኞች ላይ እያመለከታችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ለትችቱ አትሳሱ።

---

የሥነ ጽሑፍ መምህር

እንደምን ሰነበቱ። ስንኞችዎን ጮክ ብዬ ደጋግሜ አነበብኋቸው፤ የተሰበረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያ ሐረግ ነው። ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከቆጠራው ልጀምር።

የአማርኛ ግጥም የሚለካው በፊደል ሳይሆን በቀለም ነው። ቀለም የምለው ስንናገር አንድ አናባቢን ይዞ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል ነው። ከግዕዝ እስከ ኃምስ ያሉት ፊደላትና ሳብዕ አያሳስቱም፤ አንዱ ፊደል አንድ ቀለም ነው። የሚያሳስተው ሳድስ ነው፤ ምክንያቱም ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ሲኖረው አንዳንድ ጊዜ የለውም፣ አጻጻፋችን ደግሞ ሁለቱን አይለይም። በቃል መነሻ ላይ ያለ ሳድስ ሁልጊዜ ይቆጠራል፤ «ልጆች» በሚለው ቃል ውስጥ «ል» ራሱን ችሎ አንድ ቀለም ነው። በቃል መጨረሻ ላይ ያለው ግን ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ «ልጆች» በፊደል ሦስት፣ በቀለም ግን ሁለት ነው። መካከል ላይ ያለው ሳድስ እንደ አነባበቡ ይለያያል። «ይገድላል» እና «ይፈልጋል» ሁለቱም አምስት አምስት ፊደል አላቸው። «ይገድላል» ሲባል «ድ» ላልቶ ከ«ገ» ጋር ስለሚዘጋ ቃሉ ይ፣ ገድ፣ ላል ተብሎ ሦስት ቀለም ይሆናል። በ«ይፈልጋል» ውስጥ ግን «ል» ስለሚጠብቅ ግማሹ ከ«ፈ» ጋር ይዘጋና ግማሹ አናባቢ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ አራት ቀለም ነው። ፊደል ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ልዩነት ፈጽሞ ሊያየው አይችልም።

አሁን ወደ ስንኞችዎ እንምጣ። የመጀመሪያው ስንኝ እንዲህ ይነበባል፤ እ-ና-ቴ-ስት-መ-ጣ፣ ከ-ገ-በ-ያ-ደክ-ማ። ስድስት ለስድስት ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ሁለተኛው ደግሞ፤ ጀ-በ-ና-ዋ-ተ-ጣ-ደ፣ ዜ-ና-ዋም-ተ-ሰ-ማ። ግራው ሰባት፣ ቀኙ ስድስት ሆነ። በግራው ሐረግ ውስጥ አንድም ሳድስ ስለሌለ ሰባቱም ፊደላት ሰባት ቀለም ሆነው ወጡ፤ በሌሎቹ ሐረጎች ግን በየአንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ሳድስ ስለ ተዋጠ ስድስት ቀርቷል። አንባቢው የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሰማ ጆሮው ስድስትን ይለምድና ሰባተኛዋ ስትመጣበት ይደናቀፋል። «ጀበናው ተጣደ» ቢሉት ፊደሉ ያው ሰባት ይሆናል፣ ቀለሙ ግን ስድስት ሆኖ ይገጥማል። ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ በምጣኔ፣ ማለትም በቀለም ልክ ረገድ ደህና ናቸው፤ «ዝም አለ» የሚለውም «ዝም-ማ-ለ» ተብሎ ስለሚነበብ ሦስት ቀለም ብቻ ነው።

ሳያውቁት የጻፉበት ይህ ስድስት ለስድስት ምጣኔ ወል ቤት ይባላል። በአማርኛ ግጥም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው እሱ ነው፤ እሱን ሳይማሩት ከጆሮዎ ማግኘትዎም በጣም አያስገርምም፤ ሙሾውም፣ እንጉርጉሮውም፣ የትምህርት ቤት ግጥሙም በብዛት የሚፈሰው በዚሁ ነው። አምስት ለአምስት የሆነው ሰንጎ መገን ይባላል፤ ፈጠን ያለና ጠባብ ስለሆነ ለቁጭትም ለፍቅርም ይመቻል። ለምሳሌ ያህል ለዚህ መልስ ስል የገጠምሁት ይህ ነው፤

መሸ ይላሉ፣ ጀምበር ሳትገባ፤
ጠውልጓል አሉኝ፣ ያንቺው አበባ።

አራት ለአራት የሆነው ቡሄ በሉ ነው፤ ስሙን ያገኘው ልጆች በነሐሴ ወር በየደጁ እየዞሩ ከሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። «ቡሄ መጣ፣ ያ መላጣ፤ ቅቤ ቀቡት፣ እንዳይነጣ» የሚለውን ሕዝባዊ ጭፈራ በጭብጨባ ቢሉት አራቱ ቀለም በየሐረጉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። «እንዳይነጣ» በፊደል ስድስት፣ በቀለም ግን አራት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጨፋሪዎቹ ሕፃናት ቆጠራ ሳያውቁ አይስቱትም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ስምንት ለስምንት የሆነው ረጅም ምጣኔ አለ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አዘውትሮ ስለ ገጠመበት የጸጋዬ ቤት ተብሎ በስሙ ይጠራል። «የወንዙን ዳር ይዤ ስጓዝ፣ ድምፁ እንደ ሰው ይጠራኛል» ብል በዚያ ምጣኔ ነው። ሰፊ ሐሳብ የሚሸከም በመሆኑ ለመድረክ ንግግር ይስማማል፤ ለጀማሪ ግን ቦታው ስለሚሰፋ በማያስፈልግ ቃል የመሙላት ፈተና አለው።

ከቀለሙ ቁጥር እኩል የሚያስፈልገው በሐረግና በሐረግ መካከል ያለው ዕረፍት ነው። አሥራ ሁለት ቀለም ስላለው ብቻ ስንኙ ወል ቤት አይሆንም፤ ስድስተኛው ቀለም ላይ ቃሉ ማለቅ አለበት። ቃል ከመካከሉ ተቆርጦ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ሐረግ ቢቀር ድምሩ ልክ ሆኖም ዜማው ይፈርሳል። የእርስዎ ስንኞች በዚህ በኩል ነቀፋ የለባቸውም።

ስለ ቤት አመታቱ የጠየቁት ጉዳይ ጥቂት ያከራክራል። በልማዱ የስንኝ መጨረሻ ፊደላት አንድ ዓይነት ከሆኑ ቤት መታ ይባላል፤ በዚህ ሚዛን «በቤት» እና «ሌሊት» ያልፋሉ። ነገር ግን መጨረሻው ሳድስ ሲሆን ፊደሉ ራሱ አናባቢ ስለሌለው ጆሮ የሚይዘው ከሱ በፊት ያለውን አናባቢ ነው። «ደክማ» እና «ተሰማ» ላይ «ማ» ከነአናባቢዋ ተደግማለች፤ «ቤት» እና «ሊት» ላይ ግን አንደኛው ኃምስ፣ ሌላው ሣልስ ነው፤ የተደገመችው «ት» ብቻዋን ናት። ስለዚህ ቤቱ መትቷል፣ ግን ደካማ ነው ባይ ነኝ። እንዲህ ቢያደርጉትስ፤

ጎረቤት ተጠራ፣ ወሬ ደራ ሌቱን፤
አባቴ ዝም አለ፣ እየሰማ ቤቱን።

«ሌቱን» እና «ቤቱን» ከመጨረሻው ቀለም አልፈው ከፊቱ ያለውን አናባቢም ይጋራሉ። ዝም ያለው አባትም አሁን የሚሠራው ነገር አገኘ፤ ይሰማል።

---

የቅኔ ቤት ልጅ

መምህር ምጣኔውን አብራርተው ጨርሰውታል፤ የምጨምርበት የለኝም። ስለ ሳድስ ቤት ግን ጥቂት ላለዝበው። በመሰንቆ ሲዘፈን አዝማሪው የስንኙን መጨረሻ ስለሚጎትተው «ት» ከ«ት» ጋር ብቻዋን መግጠሟ እምብዛም አይሰማም፤ ለዚህ ነው በቃል ግጥማችን ውስጥ እንዲህ ያለው አገጣጠም ሞልቶ የሚገኘው። ድካሙ የሚታወቀው ግጥሙ ያለ ዜማ በንባብ ብቻ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ በመጀመሪያ የምትጽፊው ለንባብ ነው ወይስ ለዜማ የሚለውን ወስኚ።

ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት ማስመታትም ግዴታ አይደለም። በአማርኛ ተጽፈው ከተገኙት ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባሉት ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለእነ ዐፄ አምደ ጽዮን የተገጠሙት የወታደሮች የውዳሴ ግጥሞች ናቸው፤ በነሱ ውስጥ አንድ ቤት ብዙ ስንኞችን ይዞ ሲወርድ እናገኛለን። መልክዕ በሚባለው የግዕዝ የምስጋና ድርሰት አንዱ አርኬ፣ ማለትም አንዱ አንቀጽ፣ አምስት ስንኝ ሆኖ በአንድ ቤት ይመታል። በቅኔም (በዚያ ቤት ማለት መስመር ነው) ጉባኤ ቃና የሚባለው ዓይነት በሁለት ቤት፣ መወድስ የሚባለው በስምንት ቤት የሚፈጸመው እያንዳንዱ በራሱ ዜማ ልክ ነው። አዲስ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሁለት መስመር ሐሳቡን መፈጸም ያልቻለ ሰው ስምንት ቢሰጡት የሚያደርገው አያውቅም።

አሁን ወደ ሰምና ወርቁ ልምጣ። ወዳጅሽ የነገረሽ ልክ አይደለም። ሰምና ወርቅ የቅኔ መለያ ነው፤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ አማርኛ ግጥም የገባ ጌጥ ነው እንጂ የግጥም መሠረት አይደለም። ስያሜው የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጅና በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። በግጥምም ፊት ለፊት የሚታየው ትርጉም ሰም፣ ባለቅኔው ሊል የፈለገው ደግሞ ወርቅ ነው።

አሠራሩ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሰም ለበስ በሚባለው ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ተጠቅሰው አንዱ ሌላውን ይለብሳል። ኅብር በሚባለው ደግሞ አንድ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። ውስጠ ወይራ ከሁሉም ይከብዳል፤ ወርቁ ጨርሶ ስሙ አይጠራም፤ ሰሚው ከሁኔታው፣ ከተነገረበት ቦታና ከተነገረለት ሰው ተነሥቶ ይደርስበታል። በቅኔ ማኅሌት ላይ ሊቃውንት «ይበል» የሚሉት ምሥጢሩ ሲገባቸው ነው፤ ያልገባው ሰው ከነሱ በኋላ ሲል ይታወቅበታል።

ለኅብሩ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ የራሴ ነው፣ ስለዚህ ብትነቅፊው አልቀየምም።

ነጠላዬን አጥቤ፣ አፍልቼልሽ ቡና፤
ሰው ሁሉ ሲያከብር፣ ለኔ ሳይደርስ ገና።

ኅብሩ ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በታኅሣሥ 29 የሚከበረው የልደት በዓል ነው፤ ነጠላ አጥቦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ሰው ሲያከብር ማየት ሁሉ ወደዚያ ይመራል። ላልቶ ሲነበብ ግን «እስካሁን» ማለት ነው፤ የሚጠብቃት ሴት አልመጣችም፣ የሱ በዓል እስካሁን አልደረሰም። በዚህ ላይ የሰሙን መንገድ ሆነ ብዬ አጥብቄያለሁ፤ ቤት የሚመታበት «ቡና» ጠብቆ የሚነበብ ቃል በመሆኑ የሰሚው ጆሮ «ገና»ንም አጥብቆ ለመስማት ይዘጋጃል። ሰሙ እንዲህ ጠንክሮ ካልቆመ ወርቁ ያለ ጊዜው ይታያል፤ ቶሎ የታየ ወርቅ ደግሞ የሚያስደንቀው የለም። በጀማሪዎች ዘንድ የማየው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ያገኛሉ፣ ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ቃላት ወደ አንዱ ትርጉም ብቻ ስለሚያመለክቱ ሁለተኛው እንደ ግዳጅ ይሆናል። ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው ስትሻገሪ የስንኙ ሰዋስው ሳይናጋ ሁለቱንም መሸከም አለበት።

አንድ ነገር ልድገምና ላብቃ። በአዝማሪ ቤት ተቀምጦ «ተቀበል!» እያለ ስንኝ የሚሰጥ ሰው አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝ ወይም ስለ በቅሎ ይሆንና ሁለተኛው ድንገት ወደ ሰው ጉዳይ ይገባል። የመጀመሪያው የሚመጣው ቤቱን ለማዘጋጀት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፤ ጥሩ ገጣሚ ግን ቤት አዘጋጁን ስንኝ ባዶ አይተወውም፤ ወንዙን የጠራው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ለሚመጣው ሰው ስለሚስማማ ነው። አንቺም ስንኝ ስትጽፊ ሁለተኛውን አስቀድመሽ ጻፊ፤ ቤት ፍለጋው በመጀመሪያው ላይ ይሁን። ጉዳይሽ ያለው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ እሱ በቤት ምክንያት መጣመም የለበትም።

---

ነጻ ስንኝ

ሁለቱም መምህራን የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እህቴ፣ በኔ አስተያየት የግጥምሽ ሕመም ጀበናዋ ላይ ባለችው አንዲት ቀለም ብቻ አይደለም። «ዜናዋም ተሰማ» የሚለው ሐረግ ምን ዜና ነው? ከገበያ የመጣ ወሬ ነው? የሰው ሞት ነው? የጤፍ ዋጋ ነው? አንባቢው አያውቅም፤ የምትነግሪውም ነገር የለም። ሐረጉ የገባው «ደክማ» ለሚለው ቃል ቤት እንዲሆን ብቻ ነው። ምጣኔውና ቤቱ ፍጹም ትክክል የሆነ ባዶ ሐረግ ማለት ይህ ነው፤ ባዶነቱም ከሰባተኛዋ ቀለም ይልቅ ይጎረብጠኛል።

በትምህርት ቤት ዘይቤ ተብለው የተማርናቸው ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምፀት፣ እንቶኔ እና ሌሎቹም አሉ። ዝርዝሩን በቃል ማወቅ ፈተና ለማለፍ ይጠቅማል፤ ግጥም ለመጻፍ ግን ከዝርዝሩ ሁሉ የሚቀድመው ምስል ነው፤ አንባቢው ሊያየው፣ ሊሰማው ወይም ሊያሸተው የሚችል አንድ የተጨበጠ ነገር። ያለ ምንም ዘይቤ ምስል ብቻውን ግጥም ሊሸከም ይችላል። «ደክማ» ብለሽ ድካሙን በስም ከምትጠሪው ይልቅ የሚያሳይ ነገር ፈልጊ። እኔ ብሆን የቀኙን ሐረግ እንዲህ አደርገው ነበር፤

ጀበናው ተጣደ፣ አልወለቀም ጫማ።

ስድስት ለስድስት ነው፤ መምህር ቢቆጥሩልኝ ደስ ይለኛል። ከገበያ የመጣችው ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ እሳት ዳር መቀመጧ ድካሟን ያሳያል፤ ሳታርፍ ሌላ ሥራ መጀመሯን ያሳያል፤ እቤት የዋለው ሰው ጀበና አለመጣዱንም ሳይከስስ ይነግራል። ከዚያ በኋላ «አባቴ ዝም አለ» የሚለው ሲመጣ ዝምታው ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ግጥም ቁጥብ ነው ሲባል እንዲህ ማለት ነው፤ አንዱ ሐረግ ሦስት ሥራ ሲሠራ።

ምጣኔንም በሚመለከት፣ ግዴታ ነው ብለሽ አትፍሪ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሰሎሞን ዴሬሳና ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከተለመደው ምጣኔና ቤት ወጥተው ሲጽፉ ብዙ ተብሏል፤ ግጥም አይደለም ያላቸውም ነበረ። ዛሬ ያለ ቤት የሚጽፈው ወጣት ብዛት ሲታይ ክርክሩ በማን በኩል እንዳጋደለ ግልጽ ነው። ነገር ግን ነጻ ግጥም ያለ ሥርዓት የሚጻፍ ነገር አይደለም። ቤቱ ሲቀር ድግግሞሹ፣ የዐረፍተ ነገሩ አወራረድ፣ መስመሩ የሚቆረጥበት ቦታና በነጭ ወረቀቱ ላይ የሚተወው ክፍተት ሥራውን ይረከባሉ። መስመሩን የት ልቁረጠው የሚለው ጥያቄ እኔን ከወል ቤት ቆጠራ ይልቅ ብዙ ምሽት ያስመሸኛል። ወል ቤት ቢያንስ የት እንደምታቆሚ ይነግርሻል።

---

የሥነ ጽሑፍ መምህር

ቆጠርሁት፤ ጀ-በ-ናው-ተ-ጣ-ደ፣ አል-ወ-ለ-ቀም-ጫ-ማ። ልክ ነው። ከእኔ ማረሚያ ይልቅ የእርስዎ ይሻላል፤ እኔ የጠገንሁት ግራውን ሐረግ ብቻ ነበር።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ከተለመደው ወጥተው የጻፉት ሁለቱም ገጣሚዎች የቀደመውን ምጣኔ በሚገባ ያውቁ ነበር፤ የተዉትን አውቀው ነው የተዉት። ጀማሪ ገጣሚ ወል ቤትን ሳይይዝ ወደ ነጻ ግጥም ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የተቆራረጠ ዝርው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን ቢያንስ ለጊዜው በወል ቤት እንዲሠሩ እመክራለሁ፤ ያውም ቀድሞውኑ ከጆሯቸው ያለ ነው።

---

ጀማሪ ገጣሚት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከድሮ ግጥሞቼ የተወሰኑትን አውጥቼ በቀለም ብቆጥራቸው፣ ሰዎች ይሰበራል ያሉኝ ቦታዎች ላይ ሳድስ የሌለባቸው ወይም ሳድስ የበዛባቸው ሐረጎች አገኘሁ። በተለይ «ስለሚያስፈልጋቸው» ዓይነት ረጃጅም ቃላት የት ላይ እንደሚዘጉ ለመለየት ጮክ ብዬ ማንበብ ግድ ሆኖብኛል።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የመጀመሪያው፣ የቅኔ ቤቱ አባታችን የሰጡኝን ስንኝ ለእህቴ በስልክ ጽፌ ብልክላት «ገና»ን አላልታ አንብባው በዓሉን ጭራሽ አላየችውም፤ ወርቁን ብቻ ነው ያገኘችው። ጥብቀት በጽሑፍ የማይታይ ከሆነ በኅብር የተጻፈ ግጥም በመጽሐፍ እንዴት ይኖራል? ሁለተኛው፣ አንዱ ስንኝ በ«ሠ»፣ ሌላው በ«ሰ» ቢጨርስ ቤት ይመታል ወይ? ይኸኛውን አንድ አርታኢ ስሕተት ነው ብሎኝ ነበር።

---

የቅኔ ቤት ልጅ

የእህትሽ ንባብ ደስ ብሎኛል፤ የኔ ስንኝ ድካም ግን አለበት ማለት ነው። ሰሙ ሳይታይ ወርቁ ብቻ ከታየ ኅብሩ አልሠራም። «ሰው ሁሉ ሲያከብር» የሚለው በዓልን ይጠራል ብዬ ነበር፤ ለአንባቢ አልበቃም፤ «ቡና»ም በዝምታ ሲነበብ ጥብቀቱ አይታወቅም። በቃል ብነግራት ኖሮ እኔ ራሴ አጥብቄ አነብላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማላላቱ የሷ ድርሻ ይሆናል። ቅኔ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ነገር በመሆኑ ነጋሪው አነባበቡን አብሮ ይሰጣል። ለወረቀት ሲሆን ግን ድምፁን ተክቶ ሰሙን የሚያቆም ሌላ ቃል በስንኙ ውስጥ መጨመር ይገባል፤ በኔው ስንኝ «ነጠላዬን አጥቤ» በሚለው ፈንታ ጾም መፍታትን የሚያነሣ ነገር ቢገባበት ኖሮ እህትሽ በዓሉን ታየው ነበር።

በአንዳንድ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ይደረጋል። በግጥም መጽሐፍ ግን አልመክርም፤ ነጥብ የተደረገበት ኅብር ምሥጢሩን ራሱ አውጥቶ ነገረ ማለት ነው።

---

የሥነ ጽሑፍ መምህር

የሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እና «ሀ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» በአማርኛ ንባብ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆኑ ቤት ይመታሉ፤ ቤት የሚመታው በጆሮ ነው። አርታኢው ያሉት ስለ ፊደል አጻጻፍ ከሆነ ቃሉን በተገቢው ፊደሉ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ለቤት ሲባል ግን «ንጉሥ» የሚለውን በ«ስ» መለወጥ አያስፈልግም፤ «ንጉሥ» ብለው ጽፈው ከ«ድንጉስ» ጋር ቢያገጥሙት ማንም ጆሮ አይቃወምዎትም።

ይልቁንስ ሊጠነቀቁት የሚገባው ተቃራኒውን ነው፤ ዓይን አንድ ናቸው የሚላቸው፣ ጆሮ ግን የሚለያቸው። አንዱ ስንኝ ጠብቆ በሚነበብ «ዋና» ቢያልቅ፣ ይኸውም የነገሩ አውራ ማለት ነው፣ ሌላው ደግሞ ላልቶ በሚነበብ «ዋና» ቢያልቅ፣ ይኸኛው በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፣ በወረቀት ላይ ቃሉ የተደገመ ይመስላል፤ ሲነበብ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና ቤቱ ይመታል፣ ሰሚውም ፈገግ ይላል። ያንኑ «ዋና» በአንድ ትርጉም ሁለት ጊዜ ቢያመጡት ግን መድገም ብቻ ነው፤ እሱን ቤት መታ አንለውም።

የድሮ ግጥሞችዎን ቆጥረው ካበቁ ከነሱ አንዱን እዚሁ ይለጥፉልን፤ ሳድሶቹ ላይ ምልክት አድርገው ቢሆን ይመረጣል።